ስህተት ያልነበረበት ደብተር፦ ልጆቹን ቤት ያስተማረ የአንድ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

## ለምን ጻፍኩት

በምኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ቤት የሚያስተምሩ ሐበሾች አሉ። ሁላችንም "ሆምስኩል" ነው የምንለው፣ እኔም እዚህ እንደዚያው እላለሁ። ሊጀምሩ ያሰቡ ሰዎች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የትኛውን መጽሐፍ እንደሚገዙ ነው። ይህ ቤተሰብም መጽሐፉን ገዝቶ ነበር። ጥሩ መጽሐፍ ነበር። ችግራቸው ግን ሌላ ቦታ ተደብቆ አራት ወር ቆየ። የታወቀውም ደብተሩ ላይ አንድም ስህተት በመጥፋቱ ነው።

አገር ቤት ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፣ እዚህም የማስተማር ፈቃድ አለኝ። ወደ ቤተሰቡ የገባሁት በዚሁ ምክንያት ነው። እንድጽፈው እናትም አባትም ፈቅደዋል፣ ለትልቋ ልጅም አንብበንላታል። ስም አልጠቅስም፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገርም ትቻለሁ። ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

## ቤተሰቡና ሕጉ

አባት የሚሠራው ሌሊት ነው። ጠዋት 6:30 ገደማ ይገባል፣ ቁርስ ቢጤ ቀምሶ እስከ ቀኑ 1:30 ይተኛል። እናት ቅዳሜና እሑድ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ 12 ሰዓት ትሠራለች፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤት ናት። ልጆቹ ሦስት ናቸው፦ የ11 ዓመት ሴት፣ የ8 ዓመት ወንድ፣ የ3 ዓመት ሴት። ቤታቸው ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ነው። ምግብ የሚበሉበት ጠረጴዛ አባት የሚተኛበትን ክፍል ግድግዳ ተጠግቶ ነው ያለው።

ለምን ጀመሩ? ልጁ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ በሒሳብ ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ቋንቋውም አለ፣ ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ የሚመልሱት በእንግሊዝኛ ነው። ደግሞ በ2020 ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ሲዘጉ ሁሉም ቤት ዋለ፣ እናትም የልጆቿን ጠባይ በደንብ ያወቅኩት ያኔ ነው ትላለች። ያ ነገር ከልቧ አልወጣም። በ2023 ክረምት ከባሏ ጋር ተመካከሩና ወሰኑ።

ስለ ሕጉ ባጭሩ ልበል፣ ምክንያቱም የዚህ ጉዳይ ግማሹ ፍርሃት ከሕጉ የመጣ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ልጆቹን ቤት እንደሚያስተምር ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቃል። የሚያስተምራቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ያያይዛል። ወላጁ ብቁ መሆኑን የሚያሳይበት ቀላሉ መንገድ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰበትን ማስረጃ ማቅረብ ነው። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት እስከ ኦገስት 1 ድረስ ልጁ እድገት ማሳየቱን የሚገልጽ ማስረጃ ያስገባል። አንዱ መንገድ ደረጃውን የጠበቀ ፈተና ነው፤ ስታናይን በሚባለው ባለ ዘጠኝ እርከን መለኪያ አጠቃላይ ውጤቱ አራተኛ እርከንና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ ይህ ማለት ከ23ኛው ፐርሰንታይል (ከመቶ ተፈታኝ ከ23ቱ ገደማ የተሻለ ውጤት) ጀምሮ ነው። ሌላው መንገድ የማስተማር ፈቃድ ያለው ወይም የማስተርስ ዲግሪ ያለው ሰው የልጁን ሥራ አይቶ የሚጽፈው የምዘና ደብዳቤ ነው። ማስረጃው ካልቀረበ ቤተሰቡ ለአንድ ዓመት በክትትል ሥር ሊቀመጥ ይችላል።

ይህ የቨርጂኒያ ነው። ሜሪላንድ ወንዙን ብትሻገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ከመጀመር 15 ቀን በፊት ታሳውቃላችሁ፣ የልጁን የሥራ ማህደርም በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊያዩት ይችላሉ። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ስለሆነ ሆምስኩል በጠቅላላው አይፈቀድም። የየአገራችሁን አጣሩ።

## ችግሩ

ሴፕቴምበር 2023 ላይ እናት ፍሪጁ ላይ ፕሮግራም ለጠፈች። 8:00 ሒሳብ፣ 8:45 ንባብ፣ 9:30 ሳይንስ እያለ እስከ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ሰባት የትምህርት ዓይነት፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። ለመጻሕፍትና ለወርክሺት (ለመለማመጃ ወረቀት) 600 ዶላር አካባቢ አውጥታለች። ልጆቹ ጠዋት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተበጥረው ጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጣሉ።

ከግድግዳው ወዲያ ግን አባት ተኝቷል። ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ "እሽሽሽ"። ትንሿ ስታለቅስ "እሽሽሽ"። ወንበር ሲጎተት "እሽሽሽ"። ከጠዋት እስከ ቀኑ ሰባት ተኩል በሹክሹክታ የሚማር የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አስቡት (ይቅርታ፣ ሰባት ተኩል ያልኩት በእኛ ነው፣ 1:30 ማለቴ ነው)። ትንሿ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያገኘችውን እርሳስ ሁሉ ታፍሳለች። ስለዚህ ትልቋ ትነሳና አቅፋት ወደ ሌላኛው ክፍል ትገባለች። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ነበር። ኖቬምበር ላይ በቀን ሁለት ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ሦስት ሰዓት ደርሷል። ያኔ ይህን የቆጠረው ሰው የለም።

ፕሮግራሙ በየቀኑ ይንሸራተታል። የቀረው ወደ ማታ ይገፋል። እራት ከተበላ በኋላ ልጁ እንደገና ደብተር ይከፍታል፣ ብዙ ቀን እያለቀሰ ነው የሚዘጋው። እናት እንደምታስከፋው ታውቃለች። ግን ኦገስት 1 ከጭንቅላቷ አይወጣም። አንድ ባለሥልጣን ደብተሩን ገልጦ "ይሄ ምንድን ነው?" ሲላት ነው የሚታያት።

ጃንዋሪ 2024 ላይ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ የምዘናውን ደብዳቤ እርስዎ ቢጽፉልን" አለችኝ። ረቡዕ ጠዋት 10:00 ሰዓት ሄድኩ። በሩን በቀስታ ከፈተችልኝ፣ ሰላምታውም በሹክሹክታ ነበር።

ደብተሮቹን ደርድራ ነበር የጠበቀችኝ። የልጁን ሒሳብ ገለጥኩ። ንጹሕ ነው። ገጽ በገጽ ሁሉም መልስ ልክ ነው። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ አይቼ አላውቅም። ጠጋ ብዬ ሳየው ወረቀቱ ሳስቷል። ላጲስ የተመላለሰበት ቦታ ሻክሯል፣ ሁለት ቦታ ላይ በስቶታል። ከትክክለኛው መልስ ሥር የቀድሞው መልስ ጥላ ይታያል፤ አንዳንዱ ጋ ሦስት መልስ ተደራርቧል።

ከጥያቄዎቹ አንዱ 58 ለ7 ሲካፈል ነበር። 8 ቀሪ 2 ተብሎ አምሮ ተጽፏል። ያንኑ ጥያቄ በነጭ ወረቀት ጽፌ ለልጁ ሰጠሁት። ወረቀቱን አላየም። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን እናቱን ነው ያየው። "ሲክስ?" አለ። ፊቷ አልተንቀሳቀሰም። "ሰቨን?" ቅንድቧ ትንሽ ከፍ አለ። "ኤይት?" ፊቷ ፈካ። ልጁ እርሳሱን አነሳና 8 ብሎ ጻፈ።

አራት ወር ሙሉ የእናቱን ፊት ማንበብ ተምሯል። ማካፈል አያውቅም። እሷም አላወቀችም። ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጣ "እስኪ እንደገና እየው" ስትለው፣ እሱ ሲያጠፋና ሲጽፍ፣ ገጹ ልክ እስኪሆን አብረው ሲያመሹ፣ እየረዳችው ነበር የሚመስላት። ማንንም ልታታልል አላሰበችም። ፈርታ ነበር፣ ደክሟትም ነበር።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረግኩት ሕጉ ምን እንደሚል ቁጭ ብሎ ማስረዳት ነው። በዚህ ደብተር ላይ ተመሥርቼ ደብዳቤ መጻፍ አልችልም አልኳት። ሕጉ የሚፈልገው በቂ የሆነ የትምህርት እድገት ነው። እድገት ማለት ከዚህ ተነስቶ እዚህ ደረሰ ማለት ነው። የተነሳበት ቦታ በላጲስ ከጠፋ ምኑን ከምኑ ላወዳድር? ዝም አለች። ከዚያ "ታዲያ ስህተቱን ላሳያቸው ነው?" አለችኝ። አዎ፣ ስህተቱን፣ ከነቀኑ።

ከዚያ ልጆቹ ምን እንደሚያውቁ ማወቅ ነበረብን። ወርክሺቶቹ ሁሉ ለሁለት ሳምንት ተዘጉ። እኔ ከእያንዳንዳቸው ጋር ሃያ ሃያ ደቂቃ እቀመጣለሁ፣ እናት ሌላ ክፍል ትሆናለች። ልጁ የማባዣ ሰንጠረዡን እስከ 5 ድረስ እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ ከ6 እስከ 9 ግን ምንም የለም። ጮክ ብሎ ሲያነብ ያምርበታል፣ ምን አነበብክ ስትሉት ይጠፋዋል። ትልቋ በንባብ ከዕድሜዋ በላይ ናት፣ በሒሳብም ደህና ናት። ግን እሷን የሚያስተምራት አልነበረም። ራሷን እያስተማረች ነበር፣ በዚያ ላይ ሕፃን ትይዛለች። ሰዓቱን ደምረን ስናሳያት እናት አለቀሰች። ይህን የምጽፈው በየቤታችን ያለች ትልቅ ሴት ልጅ ትዝ ስላለችኝ ነው።

ላጲሱ መሳቢያ ገባ። ልጁ በእስክሪብቶ ይጽፋል፣ ከተሳሳተ በአንድ መስመር ሰርዞ ጎኑ ላይ እንደገና ይሠራል። ወረቀቱ ራስጌ ላይ ቀን ይጻፋል። ሲያልቅ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይገባል። በቃ። ደብተር የለም፣ ማስዋብ የለም።

የቀረው የእናት ፊት ነበር፣ እሱ ከባድ ነበር። "ጋሼ፣ ሲሳሳት እያየሁ እጄን ምን ላድርገው?" አለችኝ። መላውን ያገኘችው ራሷ ናት። ልጁ ሲሠራ አጠገቡ ትቀመጥና ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። እዚህ የሚሸጠው ምስር ብዙም የሚለቀም ነገር የለውም፣ እሷ ግን ትለቅመዋለች። አንገቷ ወደ ሰፌዱ ያጎነበሰ ስለሆነ ልጁ የሚያነበው ፊት አያገኝም። "ማሚ፣ ሴቨን ነው?" ይላል። "ጨርሰህ አሳየኝ" ትላለች፣ ቀና ሳትል። የመጀመሪያው ሳምንት ተናደደባት። በሦስተኛው ሳምንት መጠየቁን ተወ።

ቀኑ በአባት እንቅልፍ ዙሪያ እንደገና ተሠራ። ፕሮግራሙ ከፍሪጁ ወረደ። ጠዋት ቤት ውስጥ ድምፅ የሌለው ነገር ብቻ ይሠራል፣ ማለትም ለየራስ ማንበብና መጻፍ። 9:20 ላይ ተያይዘው ይወጣሉ። የሕዝብ ላይብረሪው 10:00 ይከፈታል፣ እስከ 12:30 እዚያ ናቸው። ትንሿ የሕፃናት ተረት ሰዓት በሚኖርበት ቀን እዚያ ትገባለች፣ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ አንዲት ጎረቤት ትይዝላቸዋለች፣ እናት በምላሹ ሰኞ ከሰዓት የጎረቤቷን ልጅ ትይዛለች። እስከ 12:30 ድረስ ትልቋ ሕፃን አትይዝም፤ ይህ ሕግ ሆነ።

አባት 2:00 ላይ ይገባበታል። ገና ሲጀመር እምቢ ብሎ ነበር። "እኔ እንግሊዝኛዬ አይረባም፣ አበላሻቸዋለሁ" አለ። የሰጠነው ሥራ ግን እንግሊዝኛ አልነበረም፣ የ6፣ የ7፣ የ8 እና የ9 ማባዣ ነበር። የደመወዙን ወረቀት ይዞ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። በሌሊት 8 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ሌሊት፣ በአራት ሳምንት ስንት ሰዓት? ልጁ አባቱ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ቆጥሮ ያወቀው ያን ቀን ነው። 160 ሲወጣ ወረቀቱን ትቶ አባቱን አየው።

## ጥሩ የሄደው

ከሁሉም የሄደልን ያላሰብነው ነገር ነው። ላይብረሪው እስኪከፈት መኪና ውስጥ የሚጠብቁበት ሰዓት አለ፣ 9:30 አካባቢ። በአሜሪካ የብርድ ወራት ሰዓት ያ አዲስ አበባ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እናት ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጋ አባቷ ጋ መደወል ጀመረች፣ ልጆቹ አያታቸውን እንዲያወሩ ብላ። አያት የቄስ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ልጁን "አንተ በማን ዘመን ነው የተወለድከው?" አሉት። በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስ ወይስ በዮሐንስ ማለታቸው ነው። ልጁ ምን እንደሆነ አያውቅም። እሳቸውም አስረዱት።

የተወለድክበትን ዓመተ ምሕረት ያዝ። 5500 ጨምርበት። ለ4 አካፍል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ። ልጁ የተወለደው በ2007 ነው። 7507 ለ4 ሲካፈል 1876፣ ቀሪ 3። "ሉቃስ!" ብሎ መኪናው ውስጥ ጮኸ። በዚያ ቤተሰብ ጠዋት ላይ ልጅ ሲጮህ ማንም "እሽሽሽ" ያላለው ያኔ ነው።

ልብ በሉ፣ ልጁ ማባዛት የሚያውቀው እስከ 5 ነበር። 4 የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ በባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ያለቅስ የነበረ ልጅ ባለ አራት አሃዝ ማካፈል ጀመረ፣ ምክንያቱም ቀሪው ትርጉም አለው። ወርክሺቱ ላይ ቀሪ ማለት በጥጉ የምትጻፍ ነገር ናት። እዚህ ግን የሚፈለገው እሱ ነው። የእናቱን ሠራ፣ የአባቱን ሠራ፣ የእኔን ጠይቆኝ ሠራ።

ከዚያ አያት አንድ እርከን ወሰዱት። ዘመን መለወጫ በምን ቀን እንደሚውል ማስላት። ለ2016፣ 5500 ሲደመር 7516። ያንን ለ4 ስታካፍሉት 1879፣ ይህ መጠነ ራብዒት ይባላል። ሁለቱን ስትደምሩ 9395። ለ7 አካፍሉት፣ 1342 ቀሪ 1። ቀሪ ከሌለ ሰኞ፣ 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ከሆነ ረቡዕ፣ እያለ ይሄዳል። ስልኩ ላይ ካላንደሩን ወደኋላ ገልብጠው አዩ፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ማክሰኞ ነበር። ለምን 11 ሳይሆን 12 ሆነ የሚለውን ትልቋ ጠየቀች፣ 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ሆናለች አሏት። በዚህ መንገድ 7 የግድ መጣ። ልጁ የሰባትን ማባዣ ከአባቱ ጋር የጨረሰው ለዚህ ብሎ ነው። ማርች ላይ የ2017 መስከረም 1 ረቡዕ እንደሚውል አስልቶ ነግሮኛል፣ ወረቀቱ ካርቶኑ ውስጥ አለ። ሁለት ስርዝ አለበት።

አያት ማስታወሻቸውን በእጃቸው ጽፈው በዋትስአፕ ይልካሉ፣ ቁጥሩን በግዕዝ። ፬ እና ፯ን ለይቶ ማንበብ የትልቋ ሥራ ሆነ። ፊደል የምትለይ እንጂ የማታነብ ልጅ ነበረች። ዓመቱ ሲያልቅ የአያቷን ጽሑፍ ቀስ ብላ ታነባለች፣ ጽሑፋቸው ደግሞ ቀላል አይደለም።

ኤፕሪል 8 ቀን 2024 የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። እዚህ አካባቢ ፀሐይዋ ከ85 በመቶ በላይ የተሸፈነችው ከሰዓት በኋላ 3:20 ገደማ ነው፣ አባት ነቅቷል ማለት ነው። መነጽር አገኙ። ትልቋ የመኮሮኒ ማጥለያ ይዛ ወረደች። ፓርኪንጉ አስፋልት ላይ እያንዳንዷ ቀዳዳ ትንሽ ማጭድ የመሰለች ፀሐይ ጣለች፣ በመቶ የሚቆጠሩ ማጭዶች። ትንሿ ልትለቅማቸው ሞከረች። ትልቋ በዚያ ቀን የጻፈችው አንድ ገጽ ተኩል በዚያ ዓመት ከጻፈችው ሁሉ ይበልጣል፣ ያዘዛትም ሰው አልነበረም።

ጁላይ ላይ የልጁን ደብዳቤ ጻፍኩ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ በቀን ደረደርኩት። ጃንዋሪ ላይ 58 ለ7 ሲካፈል ባዶ ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ተሰርዞ ተሰርዞ 8፣ ቀሪው ተረስቷል። ሜይ ላይ ያለ ስርዝ ነው። አንድ ገጽ ደብዳቤ በቃኝ። ትልቋ ፈተናውን መርጣ ተፈተነች፣ ሰባተኛ እርከን አገኘች።

## ያልሄደው

የእኔ ሐሳብ የነበረው አንዱ ነገር ከሸፈ። ጠዋት ጠዋት አማርኛ ብቻ ይነገር ብዬ ነበር። ልጁ ለሦስት ቀን ዝም አለ። መናደዱ አልነበረም፣ ቃሉ የለውም። "ማካፈል"፣ "ቀሪ"፣ "ሲደመር" ሰምቶ አያውቅም፣ እኛ ደግሞ በዚያ ቋንቋ አስብ አልነው። በአራተኛው ቀን ተውነው። አማርኛው የመጣው በአያት በኩል ነው፣ ምክንያቱም እሳቸው እንግሊዝኛ አይሰሙም፣ ልጁም ከእሳቸው የሚፈልገው ነገር ነበረው።

ሆምስኩል የሚያደርጉ ቤተሰቦች ሐሙስ ሐሙስ የሚገናኙበት ቡድን ተቀላቅለው ነበር። ልጆቹ ወደዱት። ግን 40 ደቂቃ መንዳት አለው፣ ሲመለሱ የአባት ሰዓት አልፏል፣ ትንሿ መኪና ውስጥ ተኝታ ማታ አትተኛም። ከአምስት ሳምንት በኋላ ቀረ። ልጁ ሁለት ጓደኛ አጣ፣ እሱን የሚተካ ነገር በዚያ ዓመት አላገኘንለትም።

ለልጁ በታብሌት የሚሰጥ የቪዲዮ ትምህርትም ተሞክሮ ነበር። ትልቋ ተጠቅማበታለች፣ ካን አካዳሚ ነጻ ነው፣ ሒሳቡን ብቻዋን ነው የገፋችው። ትንሹ ግን እናቱ ዞር ስትል ሌላ ነገር ይከፍታል። ለ8 ዓመት ልጅ አጠገቡ ሰው ያስፈልገዋል።

ሰኞም አልተፈታም። እናት ሁለት ቀን 12 12 ሰዓት ቆማ ሰኞ ጠዋት ልጅ ማስተማር አትችልም፣ ሰው ናት። ብዙ ታግላ በመጨረሻ ሰኞን ከትምህርት ቀን አወጣችው። ልብስ ይታጠባል፣ ሊጥ ይቦካል፣ ልጆቹ ያሻቸውን ያነባሉ። ያም ሆኖ ሰኞ ማታ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ላይ ድካሙ ይሰማኛል።

ወርክሺቶቹን ለሁለት ሳምንት ዝጉ ያልኩትም አካሄዱ ትክክል አልነበረም። ዛሬ ቢሆን በሁለት ቀን አደርገዋለሁ። እናት በዚያ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥታለች፣ እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

## ለሌላ ቤተሰብ የሚሆነው

ልጁ ምን እንደሚያውቅ ማወቅ ከፈለጋችሁ ፊታችሁን ደብቁ። አስተማሪ ሠላሳ ልጅ ስላለው ለእያንዳንዱ ፊት የለውም፣ እናት ግን አንድ ልጅ ፊት ለፊቷ ነው የተቀመጠው፣ ልጁም ከተወለደ ጀምሮ ያንን ፊት ሲያጠና ነው የኖረው። ምስር ልቀሙ፣ ልብስ እጠፉ፣ ብቻ እጃችሁና ዓይናችሁ ሥራ ይኑረው።

የተሳሳተውን ወረቀት አትጣሉ። ቀን ጻፉበትና አስቀምጡ። የምዘና ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። ሰውየውንም ሜይ እስኪደርስ አትጠብቁት፣ ጃንዋሪ ላይ ጥሩት፣ ቢቻል ከዚያም በፊት። በኦክቶበር ተጠርቼ ቢሆን ያ ልጅ ሦስት ወር ባላለቀሰ ነበር።

ፕሮግራም ከማውጣታችሁ በፊት የቤታችሁን እንቅልፍ ቁጠሩ። የሌሊት ሥራ ያለበት ቤት የእኛ ሰው ዘንድ ብዙ ነው። የሚተኛን ሰው ዙሪያውን በሹክሹክታ ከመኖር ውጡ፤ ላይብረሪ አለ፣ መናፈሻ አለ፣ መኪናም ቢሆን አለ።

ትልቋ ሴት ልጃችሁ በቀን ስንት ሰዓት ታናሿን እንደምትይዝ ለአንድ ሳምንት በወረቀት መዝግቡ። በግምት አይሆንም።

እንግሊዝኛዬ አይረባም የሚል አባት ወይም አያት ካለ ደግሞ የሚያውቀውን ጠይቁት። ቁጥር የሚያውቅ፣ ካላንደር የሚያውቅ፣ እርሻ የሚያውቅ ሰው በየቤቱ አለ። ግን የማይሆነውንም ልንገራችሁ፦ ለአያት ሰዓት መድባችሁ፣ "ዛሬ ስለዚህ አስተምሩ" ብትሏቸው ነገሩ ይሞታል። እኛም አንድ ጊዜ ሞክረነው አያት ተጨንቀው ስልክ አላነሱም።

## አሁን ያሉበት

ትልቋ ጓደኛ ትፈልጋለች። በ2024 ክረምት ላይ ራሷ ለወላጆቿ ነገረቻቸው፣ ሚድል ስኩል መግባት እፈልጋለሁ ብላ። እናት መጀመሪያ ከፍቷት ነበር፣ እንደ መሸነፍ አየችው። ሁለት ሳምንት አሰበችበትና ፈቀደች። ፊደሉን ከአያቷ ጋር ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቷ ሥራ ስትሄድ፣ ትቀጥላለች።

ልጁ ሌላ ዓመት ቤት ይማራል። የመጀመሪያው ካርቶን ሞልቶ አልጋ ሥር ገብቷል፣ አሁን ሁለተኛው ተከፍቷል። እናት ኦገስት 2024 ላይ ለካውንቲው የላከችውን ወረቀት ከመላኳ በፊት አሳይታኝ ነበር። አምና የሁለት ልጅ ስም ነበረበት፣ ዘንድሮ የአንድ ነው። የትምህርት ዓይነቶቹ ዝርዝር ሥር፣ ሒሳብ ከሚለው ቀጥሎ፣ "የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር" ብላ አንድ መስመር ጨምራለች።